ያልጸዳው ቅጂ

«ድምፁ ቀጭን ነበር ወይስ ወፍራም?»

እናትየው ይህን የጠየቀችው ሳሎኑ በሰው ጢም ብሎ፣ ሻይ እየዞረ፣ አንድ ጎረቤት ስለ ሟቹ ደግነት እያወራ ሳለ ነው። ሰውየው ወሬውን አቋረጠ። ጥያቄው ለማን እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም፤ ከጎኗ ከተቀመጠችው ከልጇ በቀር።

«የማን ድምፅ፣ እማዬ?»

«የማን ይሆናል፣ የወንድምሽ ነዋ! ከኦፕራሲዮኑ በፊት የነበረው። ከነጋ ጀምሮ ላስታውሰው ብል እምቢ አለኝ። ፊቱ ይመጣል፣ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። አንቺ የተማርሽ አይደለሽ? ንገሪኛ።»

እህትየው ቀጭን ልትል ነበር፤ ተጠራጠረች። ወፍራም ነበር ማለትም አልሆነላትም። ትንሽ ሻከር ይል ነበር፤ ግን ያ ሻካራ ድምፅ የሱ ነው ወይስ ቀድሞ የሞተው የአባታቸው? ሩቅ አገር ተምራ ስትመለስ በሻንጣዋ ሙሉ ይዛ የመጣችው ጥርጣሬ ነው። ድሮ በእርግጠኝነት ታውቀው የነበረውን ሁሉ አሁን ሁለት ጊዜ ታገላብጠዋለች።

«አላውቅም» አለች በመጨረሻ።

የእናቷ ታላቅ እህት ከፔርሙሱ አጠገብ ሆነው ቆጣ አሉ። «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው በሰው ፊት? የሰው ድምፅ ነበራ! በይ ሻይሽን ጠጪ፣ በረደ።»

እናትየው ብርጭቆውን አንስታ ሳትቀምሰው መለሰችው። ከዚያ ለሌላ ሰው በማይሰማ ሹክሹክታ ወደ ልጇ ጠጋ አለች።

«አፈር የለበሰው ሬሳው ብቻ መስሎኝ ነበር። ድምፁንም አብረው ቀበሩት እንዴ?»

ወንድምየው የሠርግ ካሜራማን ነበር። በከተማው ውስጥ ከተጋባው ሰው ግማሹን እሱ ነው የቀረጸው። ለቅሶ የሚደርሱት ሴቶች በር ላይ ጫማቸውን እያስተካከሉ «የኛን ሠርግ እኮ እሱ ነው ያነሳው» ይላሉ፣ እንደ ዝምድና ማስረጃ። ከዓመታት በፊት ጉሮሮውን ሲታመም ሐኪሞቹ ሕይወቱን ለማትረፍ ማንቁርቱን አወጡት። ሕይወቱ ለጥቂት ዓመታት ተረፈች፤ ድምፁ እዚያው ኦፕራሲዮን ክፍል ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሚፈልገውን በስልኩ ላይ ጽፎ ነበር የሚያሳየው። እህትየው ያኔ ሩቅ ነበረች። ለሷ የሚልከውም ጽሑፍ ስለነበር፣ በጽሑፍ ደግሞ ያው የድሮው ተረበኛ ስለነበር፣ የጠፋው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ሳይገባት ኖራለች።

አሁን ገባት። እናቷ ሌላ ነገር አልጠየቀቻትም። አልጋው ባዶ ነው አላለችም፣ ምን ይዋጠኝ አላለችም። አንድ ድምፅ ብቻ ነው የፈለገችው፤ እሱም በየሰዓቱ ከጆሮዋ እየራቀ ነው።

በማግስቱ እህትየው ለቅሶ የመጡትን ሁለት ሴቶች በረንዳ ላይ ያዘቻቸው።

«የሠርጋችሁ ቪዲዮ አለ? እሱ ሲናገር የሚሰማበት ቦታ ይኖር እንደሆነ...»

አንደኛዋ ስልኳ ላይ ነበራት። ከፍታ አሳየቻት። ሙሽራው ይስቃል፣ አጎቶች ይመርቃሉ፣ አንድ ሕፃን ኬኩ ላይ ጣቱን ይሰካል። የሁሉም ድምፅ አለ። ካሜራው ዞር ሲል ሰዎቹ እሺ እያሉ ይጠጋጋሉ፣ ያዘዛቸው ሰው ግን አይሰማም።

«በጣቱ ነበር የሚያዘን» አለች ሴትየዋ። «ያኔ ድምፅ ነበረው እኮ። ግን ‘የኔ ድምፅ ከገባ ሠርጉ የኔ ይሆናል’ ይል ነበር። እኛ እንደሱ ያለ ሰው አላየንም።»

የከተማው ሰው ሁሉ ድምፅ እሱ ጋ ነበር። የሱ ማንም ጋ የለም።

ከሰዓት በኋላ ሶኬት መጣ። ሶኬት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ የወንድሟ የልብ ጓደኛ፤ በዚህ ስም ያልጠራው ሰው ቢኖር እናቱ ብቻ ናት። የተዋሱትን ወንበር ደርድሮ ሲጨርስ እህትየው ጠራችው።

«እማዬ ድምፁን መስማት ትፈልጋለች። የትም አጣሁት።»

ሶኬት ላቡን ጠረገ።

«ኮንሰርቶቹ ላይ ነበር» አለ።

እንዴት ረሳችው? ሳሎኑ ውስጥ፣ አሁን አክስቷ ፔርሙስ የደረደሩበት ቦታ ላይ፣ ትልቁ ቴሌቪዥን ነበር። እሷ ገና ልጅ ናት። መንገድ ሊሠራ የመጣ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ለወንድሟ የሮክ ባንዶች ኮንሰርት ያለበት የቪዲዮ ካሴት ያውሰዋል፣ ነገ ይመለስ ብሎ። ቤት ያለው ካሴት ማጫወቻ ዴክ አንድ ብቻ ስለሆነ ከካሴት ወደ ካሴት መገልበጥ አይቻልም። ወንድሟ ግን መላ አያጣም፤ የሠርግ ካሜራውን በሦስት እግሩ ቴሌቪዥኑ ፊት ይገትርና መስታወቱን ይቀርጻል። ድምፁን የሚይዘው የካሜራው ማይክ ነው። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ መተንፈስ እንኳ ክልክል ነው።

መስታወቱ ላይ ፀጉራቸው ትከሻቸውን ያለፈ ሰዎች ይታያሉ። አንዱ ካባ ለብሶ እንደ ባለሱቅ ዙሪያውን በኪቦርድ ታጥሯል። ድራመሩ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። አንዱ ዘፈን ሲጀመር ምሳ ይቀርባል፣ ምሳው ተበልቶ ሰሃኑ ሲነሳ ዘፈኑ ገና ግማሹ ላይ ነው። መሐል ላይ ሁሉም ያቆማሉ፣ አንድ ጊታር ብቻ እንደ ጠፋ ልጅ ብቻውን ይቀራል፣ ከዚያ ድራሙ ተመልሶ ይገባል። ወንድሟ የሚሞተው ለዚያች ቦታ ነው።

እናቷ ከጓዳ ብቅ ትላለች። «ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ክረምት? አያባራም እንዴ?»

«እማዬ! በፈጠረሽ! ድራሙ ሊገባ ነው!»

እህትየው ሳቋን ለማፈን ትራስ ትነክሳለች። አባቷ ያስላል። ወንድሟ ራሱን ይይዛል።

ይህን ሁሉ ታስታውሰዋለች። ቃሉም ሳይቀር አለ። ግን «በፈጠረሽ» የሚለውን የሚያሰማት የራሷ ድምፅ ነው፤ የሰው ደብዳቤ በልቧ እንደምታነብ ሰው።

ስታድግም አልለቀቃትም። ውጭ ስትማር እነዚያ ሽማግሌ ባንዶች ወይም የነሱ የልጅ ልጅ የሚሆኑ አዳዲሶቹ በከተማዋ ሲያልፉ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነበር። «ሄደሽ ቅረጪልኝ» ብሎ ይጽፋል። አዳዲሶቹ ጥቁር ካናቴራ ለብሰው፣ ጊታራቸው ላይ ከተለመደው በላይ ክር ጨምረው፣ የሒሳብ ፈተና ላይ የተቀመጡ ይመስል እግራቸውን እያዩ ይጫወታሉ። ሙዚቃው አይገባትም። ቢሆንም ክንዷ እስኪዝል ስልኳን ከሰው ራስ በላይ ይዛ ትቆማለች። ልካለት ሳትጨርስ መልሱ ይመጣል። «ዘፋኙን ምን አደርገዋለሁ? እጅ አሳዪኝ፣ እጅ!» ደግሞም፣ «ጎንሽ የሚያፏጨውን ሰውዬ አንድ ነገር አጉርሺልኝ።»

«ካሴቶቹስ የት አሉ?» አለች ሶኬትን።

«ካሴቶቹማ የሉም። ወደ ኮምፒውተር ካስገባቸው በኋላ ሠርግ ቀረጸባቸው።»

«ኮምፒውተሩ ላይ አሉ ማለት ነዋ!»

«አሉ። አሉ ግን...» ሶኬት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ አወጣ። «አጽድቷቸዋል። የቤቱን ጫጫታ በሙሉ በፕሮግራም አወጣው። የአባታችሁን ሳል፣ የሰሃን ኳኳታ፣ የራሱን ጩኸት። የጸዳውን ፋይል ደግሞ እዚያው በዋናው ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ያልጸዳው ይጠፋል።»

«መቼ?»

«ከኦፕራሲዮኑ በኋላ።»

እህትየው ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ድምፁ ከወጣለት በኋላ ድምፁን አጠፋ ነው የምትለኝ?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ፣ እህቴ። ‘አብደሃል እንዴ፣ ያለህ ይቺ ናት’ ብዬዋለሁ። ስልኩን አውጥቶ ምን ብሎ እንደጻፈልኝ ታውቂያለሽ? ‘ሙዚቀኞቹ ምን በደሉ?’»

«ዝም ብሎ ከመሬት ተነስቶ?»

«የለም። እነዚህን ኮንሰርቶች በስልክ ግሩፕ የሚለዋወጡ ሰዎች አሉ፣ ዓለም ላይ ተበትነው። አንዱን ‘ሽማግሌው’ ነበር የምንለው፣ ፊቱን አይተነው አናውቅም። የመሐንዲሱ ካሴት ላይ ያለው ኮንሰርት ሌላ ቦታ የለም ብሎ ለምኖ፣ ወንድምሽ እንዳለ ላከለት። ሽማግሌው አመስግኖ ሲያበቃ፣ ‘በመሐል የሚጮኸው ሰው ማነው? ማጥፋት አይቻልም?’ አለው። ይቻላል አለው። ከዚያ በኋላ ማጽዳት ሥራው ሆነ። ሠርግ ይሠራል፣ ይመጣል፣ ያጸዳል።» ሶኬት አጠገቡ ያለውን ወንበር አስተካከለ። «ሲያጸዳ አጠገቡ ተቀምጬ አውቃለሁ። ራሱን አንዴ ሰምቶ ይቆርጣል። ፊቱ ላይ ምንም አይታይም። ጥፍሩን እንደሚቆርጥ ሰው።»

እህትየው መቆጣት ፈለገች፣ የምትቆጣው ሰው የለም።

የወንድሟን ላፕቶፕ ከክፍሉ አውጥታ እናቷ አጠገብ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ሰው አልሳሳም። አክስቷ መጡ።

«ምን ልትከፍቺ ነው? የለቅሶ ቤት እኮ ነው!»

«በማዳመጫ ነው፣ አክስቴ። ውጭ አይሰማም።»

«ኧረ እንዳይሰማ! ያ ዘፈን ከሆነ በቁሙም ገድሎናል።» ካሉት በኋላ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ፤ ዞረው ወደ ጓዳ ሲሄዱ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እህትየው አንዱን ማዳመጫ በእናቷ ጆሮ፣ ሌላውን በራሷ አደረገች። ኮንሰርቱ ተጀመረ። ባለካባው፣ ኪቦርዱ፣ የሚንጠባጠበው ላብ። እውነትም ንጹሕ ነበር። ሳል የለም፣ ሰሃን የለም። ይህ ቤት በዚያ ቀን ማንም ያልኖረበት ይመስል ነበር።

አንዲት ለቅሶ ደራሽ የእናትየውን ማዳመጫ አይታ በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች። «ስብከት ነው? ጎሽ፣ ስሚ። ያጽናናል።»

«አዎ» አለች እናትየው። «ትንሽ ይረዝማል እንጂ።»

ዘፈኑ መሐሉ ላይ ደረሰ። ባንዱ ቆመ፣ መድረኩ ጨለመ፣ ጊታሩ ብቻውን ቀረ። መድረኩ ሲጨልም የድሮው ቴሌቪዥን መስታወት ክፍሉን መልሶ ማሳየት ጀመረ። እህትየው ወደ ፊት ተጠጋች። መስታወቱ ውስጥ መስኮታቸው አለ፣ ይኸው ሶፋ አለ፣ ትራስ አቅፋ የተኮራመተች ትንሽ ልጅ አለች። በመሐል፣ ከካሜራው ጀርባ ጎንበስ ያለ ቀጭን ወጣት።

«እሱ ነው» አለች እናትየው።

ወጣቱ ዞረ። በጓዳው በር በኩል፣ በብርሃን ተከቦ፣ የሴት ጥላ ቆሟል። የወጣቱ አፍ ተከፈተ። በዚያች ቅጽበት ጊታሩ ደነዘዘ፣ ብርድ ልብስ የተጣለበት ያህል፤ ሌላ ሰው ልብ የማይለው ትንሽ ጉድጓድ። አፉ ተዘጋ። ጊታሩ ጠራ። ድራሙ ገባ።

ወንድሟ እንከን የለሽ አድርጎ ሊሠራው የለፋበት ነገር ላይ የቀረው እንከን ይኸው ነው፤ የድምፁ ልክ። ርዝመቱ አለ። ቀጭን ይሁን ወፍራም ግን አይናገርም።

«መልሺው» አለች እናትየው።

መለሰችው። አፉ ተከፈተ፣ ጊታሩ ደነዘዘ።

«መልሺው።»

ደጋግማ መለሰችው። እናትየው ማዳመጫውን በመዳፏ ጆሮዋ ላይ ተጫነችው። በአንዱ ዙር ጉድጓዷ አልፋ ድራሙ ሊገባ ሲል፣ ለቀስተኛው ሁሉ ባለበት፣ ጮክ ብላ፣

«እሺ፣ ዝም ብያለሁ» አለች። «ይኸው ዝም ብያለሁ፣ ልጄ። አንተ ተናገር።»

ስብከት ነው ያለችው ሴት መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሌሎቹ ተከተሏት። አክስቷ ከጓዳ መጥተው፣ የሚሰደብ ሰው ፈልገው፣ ሲያጡ እህታቸው እግር ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

ለቅሶው በረድ ሲል እናትየው ዓይኗን ጠርጋ፣ «ያ ጩኸቱን አጥፋ ያለው ሰውዬ» አለች። ከሶኬት ጋር ያወሩትን ሰምታለች ማለት ነው፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። «የላከለት ያልጸዳው አይደል? እሱ ጋ ይኖራላ።»

«ይኖር ይሆናል፣ እማዬ። ላይኖርም ይችላል። ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ግሩፑ ላይ ከታየም ቆየ ይላል ሶኬት። ሽማግሌ ሰው ነው፣ ምናልባት...»

«ምናልባትሽን ተይና ጻፊለት።»

እህትየው የወንድሟን ስልክ ከፈተች። የሽማግሌውን ስም ሶኬት አሳያት። በተማረችበት ቋንቋ መጻፍ ጀመረች፣ ትሕትና አበዛች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጀመረች።

«ምን አልሽው?» አለች እናቷ።

«ስለ ጊዜዎ አመሰግናለሁ፣ ካላስቸገርኩዎት...»

«ኧረ ተይ! ጉዳዩን ንገሪው። እኔ የምልሽን ጻፊ።» ቀና ብላ ተቀመጠች፣ ሰውየው ፊት ለፊቷ ያለ ይመስል። «ልጄ ሞቷል በይው። ማጽዳቱን ጎበዝ አድርጎ አጽድቷል፣ ቅር አይበልህ። እኛ የምንፈልገው ቆሻሻውን ነው። ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«ማነው ብለህ ጠይቀህ ነበር በይው። የሚጮኸው ልጄ ነው። የሚጮኸው በኔ ላይ ነው። ላክልኝ።»

እህትየው ጽፋ ጨረሰች። አንድ ቃል ልታለዝብ ፈለገች፣ ተወችው፣ ላከችው። ከመልእክቱ ሥር አንዲት ትንሽ ምልክት ወጣች። መድረሱን የምታሳየው ሁለተኛዋ ገና አልወጣችም።

መልስ አልመጣም። ያን ሳምንትም፣ ወንበሮቹ ለባለቤቶቻቸው ከተመለሱ በኋላም፣ ከዚያም ወዲህ። ሽማግሌው ሞቶ ይሁን፣ ስልኩን ቀይሮ ይሁን፣ አንብቦ የሚለው ጠፍቶት ይሁን፣ እህትየው እስከ ዛሬ ታገላብጠዋለች።

እናትየው ግን ያን ከሰዓት ይህን አታውቅም። ስልኩን ከልጇ ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«መልስ ሲመጣ ይጮኻል?»

«ይጮኻል፣ እማዬ።»

«ድምፅ የሚጨምረው የትኛው ነው?»

አሳየቻት። አክስቷ አዩ፣ የለቅሶ ቤት ነው አላሉም። እናትየው ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጫነች። የድምፁ መስመር እስከ ጥግ ሞላ። መሙላቱን ልጇ ነገረቻት። አውራ ጣቷን ግን አላነሳችም።